ሪላክሰር ያቆመች እህት ፀጉሯን እንዴት ትያዝ?



ዒድ ሲቃረብ ወይም የሠርግ ወቅት ሲገባ ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ የሚሉ እህቶች ቁጥር ይጨምራል። አንዷ የራስ ቆዳዋ ቆስሎ ቅባት ትፈልጋለች። ሌላዋ ከግንባሯ በኩል የሳሳውን ፀጉሯን የሚያበቅል መድኃኒት ትጠይቃለች። ሌላዋ ደግሞ «ሪላክሰሩን ከተውኩት ወራት አለፉ፤ ፀጉሬ ግን ካቆምኩ ወዲህ ይበልጥ እየተሰባበረ ነው፤ ልመለስበት ይሆን?» ትላለች። የዛሬው ጽሑፋችን በተለይ ለዚህች እህት ነው። አጭሩ መልስ «አብሽሪ፤ አትመለሺ» የሚል ነው። ለምን እንደሆነ፣ የመሸጋገሪያውንም ጊዜ እንዴት ማለፍ እንደሚቻል ከዚህ በታች እናያለን።

ሪላክሰር ፀጉርን ምን ያደርገዋል?

ፀጉራችን የተሠራው ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን ነው። የፕሮቲኑን ክሮች እርስ በርስ አጥብቀው የሚይዙ የሰልፈር ማሰሪያዎች አሉ። ለፀጉር ጥንካሬ የሚሰጡት፣ ጥቅልሉንም ቅርጹን ይዞ እንዲቆይ የሚያደርጉት እነዚህ ማሰሪያዎች ናቸው። ሪላክሰር የሚሠራው እነሱን በመበጠስ ነው። ክሬሙ መጀመሪያ ፀጉሩን ያሳብጠዋል፤ ከዚያም የላይኛውን ሽፋን ከፍቶ ወደ ውስጥ ይገባና ማሰሪያዎቹን ይፈታል። የተፈቱት ማሰሪያዎች ወደ ነበሩበት አይመለሱም። ፀጉሩ ከታጠበ በኋላም ቀጥ ብሎ የሚቀረው ለዚህ ነው። የሚሳሳውና የሚሰባበረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የብዙዎቹ ሪላክሰሮች ዋና ንጥረ ነገር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ይህ ሳሙና ሠሪዎች «ኮስቲክ ሶዳ» እያሉ የሚጠቀሙበት፣ የተደፈነ የፍሳሽ ቱቦም የሚከፈትበት ኬሚካል ነው። ሌሎቹ ላያቸው ላይ «ላይ የሌለበት» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ናቸው። «ላይ» ሲሉ ኮስቲክ ሶዳን ማለታቸው ነው። እነዚህኞቹ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ክሬም ከሌላ ፈሳሽ ጋር ተደባልቆ የሚዘጋጁ ናቸው። ብዙ እህቶች ጽሑፉን አይተው ጉዳት የሌለው ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሁለቱም ጠንካራ አልካሊ ናቸው። የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ በሆነው ፒኤች ሲለኩ ከ12 እስከ 14 ይደርሳሉ። ንጹሕ ውሃ 7 ሲሆን የፀጉራችን ተፈጥሯዊ መጠን ደግሞ 5 አካባቢ ነው።

የዚህ ክሬም ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጥራል። ጋሬት ሞርጋን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ለልብስ ስፌት መኪና መርፌ የሚሆን ፈሳሽ ሲሠራ ፈሳሹ ጥቅልል ክርን ቀጥ እንደሚያደርግ እንዳስተዋለ ይነገራል። እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮም የፀጉር ማለስለሻ አድርጎ ይሸጠው ጀመር። ከዚያ ወዲህ ክሬሙ በዓለም ዙሪያ ተሰራጭቶ ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ወልድያ፣ መርሳና ሐራ ድረስ በፀጉር ቤቶችና በሱቆች ይገኛል።

የማቆሙ ምክንያት

አንደኛው ምክንያት ዐይናችን የሚያየው ነው። የራስ ቆዳ ይቃጠላል፣ ያሳክካል፣ ቅርፊት ያወጣል፣ ፀጉር ከግንባርና ከጆሮ ግንድ በኩል ይሳሳል። ቃጠሎው ጥልቅ ከሆነ ወይም በየጊዜው ከተደጋገመ ፀጉሩ የሚበቅልበት ሥር በጠባሳ ይዘጋል። በጠባሳ በተዘጋ ቦታ ላይ ደግሞ ምንም ቅባት ፀጉር አያበቅልም።

ሁለተኛው ምክንያት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የወጡ ጥናቶች ናቸው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሥር ያሉ ተመራማሪዎች 33,497 ሴቶችን 11 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አውጥተዋል። ፀጉር ማለስለሻ ፈጽሞ ካልተጠቀሙት መካከል 70 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 1.64 በመቶ ሆኖ ተገምቷል። በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ የተጠቀሙት ግን 4.05 በመቶ ሆኗል። እዚህ ላይ የተባለው በማሕፀን አካል ላይ የሚነሣው ካንሰር እንጂ በአገራችን በብዛት የምንሰማው የማሕፀን በር ካንሰር አይደለም። ጥናቱ ሁለቱ ነገሮች አብረው መታየታቸውን አሳየ እንጂ ሪላክሰር ካንሰር ማምጣቱን አላረጋገጠም። ዕድሉም ቢሆን ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ቀደም ሲል የተጠቀመች እህት በፍርሃት እንቅልፍ ማጣት የለባትም። ለጌጥ ብቻ ተብሎ በየስምንት ሳምንቱ የሚደገምን ነገር ግን መለስ ብሎ ለማሰብ ይህ በቂ ምክንያት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ሪላክሰር ላቆመች እህት አንዳንድ ጊዜ በምትኩ «ኬራቲን ትሪትመንት» እንድትሠራ ይነገራታል። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ በፒያስትራ ሲተኮሱ ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጋዝ ይለቃሉ። ይህን ጋዝ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2023 ከፀጉር ማለስለሻዎች ውስጥ እንዲታገድ ሐሳብ ለማቅረብ ማቀዱን አስታውቋል። ጭሱን የምትተነፍሰው ደግሞ ደንበኛዋ ብቻ ሳትሆን በየቀኑ የምትሠራው ፀጉር ሠሪዋም ናት።

የለሰለሰው ፀጉር አይመለስም

ብዙዎች ሪላክሰር ሲያቆሙ ጭንቅላታቸው ላይ ያለው ፀጉር በቅቤና በቅባት ቀስ በቀስ ወደ ድሮው የሚመለስ ይመስላቸዋል። ይህ አይሆንም። ከቆዳ በላይ ያለው ፀጉር ሕይወት የለውም፤ ብንቆርጠው የማያመንም ለዚህ ነው። ሕይወት ያለው ከቆዳው ሥር ያለው ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ የተፈጥሮ ፀጉር የሚመጣው ከሥር አዲስ ሆኖ በማደግ ነው፤ አሮጌው ደግሞ ከጊዜ በኋላ ተቆርጦ ይወገዳል።

የጭንቅላት ፀጉር በወር 1 ሳንቲሜትር ገደማ ያድጋል። የእኛ ዓይነቱ ጥቅልል ፀጉር ከዚህም ጥቂት ሊያንስ ይችላል። በአንድ ዓመት 10 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል ማለት ነው። ትከሻ የሚደርስ የተፈጥሮ ፀጉር የምትፈልግ እህት ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ መታገሥ ይኖርባታል።

በዚህ መካከል በአንድ ዘለላ ላይ ሁለት ዓይነት ፀጉር ይኖራል። ከሥር ያለው ጥቅልልና ጠንካራ ነው፤ ከጫፍ በኩል ያለው ቀጥና ደካማ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ሲበጠርም ሲታሰርም ቶሎ የሚበጠሰው ቦታ ነው። በአንድ በኩል አዲስ፣ በሌላ በኩል ያረጀ የሆነ ገመድ ሲሳብ በየት በኩል እንደሚበጠስ አስቡት። ከላይ የጠቀስናት እህት «ካቆምኩ ወዲህ ይባስ ተሰባበረ» ያለችው ይህንኑ ነው። የሚሰባበረው ማቆሟ ስለጎዳው አይደለም። ቀድሞ የተጎዳው ክፍል አሁን ጠንካራ ጎረቤት ስላገኘ ድክመቱ ወጣ እንጂ። ተመልሳ ሪላክሰር ብትቀባ ለጥቂት ሳምንታት ያማረ ይመስላል። ነገር ግን ክሬሙ ቀድሞ የለሰለሰውን ክፍል ሲነካው መሰባበሩ የባሰ ይሆናል፤ ያደገው ጤነኛ ፀጉርም አብሮ ይጠፋል።

ሁለት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ መቁረጥ ነው። ከሥር 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ያህል ካደገ በኋላ የለሰለሰው በሙሉ ይቆረጣል። መገጣጠሚያ ስለማይኖር መሰባበሩ ወዲያው ይቆማል፤ ማበጠርም ማጠብም ይቀላል። የሚከብደው ነገር መስተዋት ፊት መቆም ነው። ሴት ልጅ ፀጉሯን ማሳጠሯን በተመለከተ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶች ከእርሳቸው ሕልፈት በኋላ ፀጉራቸውን ያሳጥሩ እንደነበር በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ከወንድ ጋር መመሳሰልን በተመለከተ ያለውን ዝርዝር ከዑለሞቻችን መጠየቅ ይገባል። ባሎችም በዚህ ጊዜ ንግግራቸውን ቢያለዝቡ መልካም ነው። ብዙ እህቶች ወደ ክሬሙ የሚመለሱት ፀጉሩ አስቸግሯቸው ሳይሆን ቤት ውስጥ በሰሙት አንድ ቃል ነው።

ሁለተኛው መንገድ ቀስ በቀስ መሸጋገር ነው። በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ ከጫፉ 2 ሳንቲሜትር ያህል እየተቆረጠ አዲሱ እስኪረዝም ይጠበቃል። ርዝመቱ በአንዴ ስለማይጠፋ ለብዙዎች ይህ ይቀላቸዋል፤ መገጣጠሚያውን መንከባከብ ግን ግዴታ ይሆናል።

በውጭ አገር የመሸጋገሪያውን ጊዜ ብዙዎች በዊግ ወይም በተቀጣይ ፀጉር ያልፉታል። ፀጉርን በሰው ፀጉር መቀጠል በሐዲሥ የተከለከለ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ይህ ለእኛ መንገድ አይደለም። በጤናም በኩል ቢሆን ክብደቱ ደካማውን ፀጉር ከሥሩ ይነቅለዋል። እኛ ደግሞ ከእናቶቻችን የወረስነው ሹሩባ አለን፤ ራሳችንንም በሻሽና በሂጃብ እንሸፍናለን። አያያዙን ካወቅንበት ከዊጉ የተሻለ መሸጋገሪያ ነው።

በመሸጋገሪያው ጊዜ የሚደረግ እንክብካቤ

1. ማጠብ፦ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ በለስላሳ ሻምፑ መታጠብ ይበቃል። የልብስ ሳሙናና ኦሞ አልካሊ ስለሆኑ የደከመውን ፀጉር ያደርቁታል። ሻምፑው የራስ ቆዳው ላይ ይታሻል፤ ጫፉን አረፋው ሲወርድ ያጥበዋል። ከዚያ ኮንዲሽነር ይቀባል።

2. ማበጠር፦ ደረቅ ፀጉርን አታበጥሩ። ኮንዲሽነሩ ሳይታጠብ፣ ፀጉሩም እርጥብ ሳለ በመጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ ጥርሱ በተራራቀ ማበጠሪያ አፍታቱት። ከጫፍ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሥር መሄድ ነው። ከሥር ጀምሮ ወደ ታች መሳብ ቋጠሮውን ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ያከማቸዋል።

3. እሳትን መቀነስ፦ አዲሱን ከአሮጌው ለማመሳሰል ብሎ በየሳምንቱ ፒያስትራ መተኮስ ከሪላክሰር ወጥቶ ወደ ሌላ ቃጠሎ መግባት ነው። ፒያስትራ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። በእርጥብ ፀጉር ላይ ሲያርፍ ውስጡ ያለው ውሃ ፈልቶ ፀጉሩን ይሰነጥቀዋል። ሁለቱን ለማመሳሰል ሹሩባ ተሠርቶ መፍታት ወይም በቢጎዲን ጠቅልሎ ያለ እሳት ማድረቅ ይሻላል።

4. ሹሩባ፦ ሳይጠብቅ ይሠራ። ከተሠራ በኋላ ራስ ካመመ፣ ቆዳው ከተወጠረ ወይም በግንባር ዳር ትናንሽ ብጉሮች ከወጡ ጠብቋል ማለት ነው፤ ይፈታ። «ሲለመድ ይላላል» ብሎ መታገሥ ትክክል አይደለም። ለዓመታት የተወጠረ ፀጉር ከሥሩ ተነቅሎ ላይመለስ ይችላል።

5. ቀለም፦ በለሰለሰ ፀጉር ላይ የኬሚካል ቀለም አትጨምሩ። ንጹሕ ሂና ቀይ ወይም ቡናማ እንጂ ጥቁር ቀለም አይሰጥም። «ጥቁር ሂና» ተብሎ በሚሸጠው ውስጥ ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ የተባለ የቀለም ኬሚካል ይገኛል። ይህም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከባድ አለርጂ፣ የፊት እብጠትና ቁስል ያስከትላል።

ሂጃብና ጉስል

ሂጃብ ፀጉርን አያሳሳም። የሚያሳሳው አስተሳሰሩ ነው። በየቀኑ በአንድ ቦታ ተጠብቆ የሚታሰር የውስጥ ሻሽ የግንባሩን ዳር ይፈገፍገዋል። ሻሹን ላላ አድርጎ ማሰር፣ የቋጠሮውንም ቦታ መቀያየር ይጠቅማል። ጥጥ እርጥበቱን ስለሚመጥና ፀጉሩንም ስለሚፈገፍግ ከውስጥ ለስላሳ የሐር መሰል ጨርቅ ማድረግ ይመረጣል። ሲተኛም እንደዚሁ። እንደ ሐራና መርሳ ባለ ሞቃት አገር ደግሞ እርጥብ ፀጉርን ሸፍኖ መዋል ማሳከክና መጥፎ ሽታ ያመጣል። ስለዚህ ከታጠባችሁ በኋላ ፀጉሩ ሳይደርቅ አትሸፍኑት።

ሹሩባ ከጉስል ጋር ያስቸግራል የሚሉ እህቶች አሉ። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ለጀናባ ትጥበት ጉንጉናቸውን ይፍቱ እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው በራሳቸው ላይ ሦስት ጊዜ ውሃ ማፍሰሱ እንደሚበቃ የተነገራቸው መሆኑ በሶሒሕ ሙስሊም ይገኛል። የወር አበባ ትጥበትን በተመለከተ በዑለሞች መካከል ማብራሪያ ስላለ እነርሱን ጠይቁ። ከጤና አንጻር የምንጨምረው ውሃው ወደ ራስ ቆዳው እንዲደርስ ወፍራም ቅባት በቆዳው ላይ ተጋግሮ መቆየት እንደሌለበት ነው።

ቅቤ፣ ቅባትና ክኒን

እናቶቻችን ለጋ ቅቤ ይቀቡ ነበር፤ ዛሬም የሚቀቡ አሉ። ቅቤ ፀጉርን አይመግብም፤ ነገር ግን ላዩን ሸፍኖ እርጥበቱ እንዳይተን ይረዳል፤ መፈጋፈጉንም ይቀንሳል። ለደረቀ ጫፍ ጥሩ ነው። ከመታጠብ በፊት ለጥቂት ሰዓት ተቀብቶ መታጠቡ በቂ ነው። የራስ ቆዳ ላይ ለቀናት ከቆየ ግን ይሻግታል፤ ፎረፎር የሚያመጣውም ፈንገስ በቅባት ላይ ይራባል። ፎረፎር ያለባት እህት ቅባቱን ከጫፉ አታሳልፈው።

ፀጉር ያሳድጋል ተብሎ በብዛት የሚጠየቀው የባዮቲን ክኒን የባዮቲን እጥረት ለሌለባት ሴት ጥቅሙ አልተረጋገጠም። በብዛት ሲወሰድ ደግሞ አንዳንድ የደም ምርመራዎችን ያሳስታል። ሚኖክሲዲል የተባለው መድኃኒት ለተወሰነ ዓይነት የፀጉር መሳሳት የሚታዘዝ እንጂ ለተሰባበረ ፀጉር አይደለም፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ያሉ ቅባቶችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ራስ ላይ ደጋግሞ መቀባት ቆዳን ያሳሳል።

አንዳንዴ ችግሩ ከውስጥ ነው። የደም ማነስ ያለባት ሴት ፀጉሯ ሊረግፍ ይችላል። ከወሊድ በኋላም በሦስት ወር አካባቢ ብዙ ፀጉር ይረግፋል፤ ይህ ግን በራሱ ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመንና ሲገኝም ሥጋ ያለበት ማዕድ፣ አስፈላጊ ሲሆንም የደም ምርመራ፣ ከብዙ ቅባት ይበልጣል።

ለልጆቻችን

የዚህ ሁሉ ጉዳይ ዋናው እዚህ ላይ ነው። ለዒድ እንድታምር ተብሎ የ7 እና የ8 ዓመት ልጅ ሪላክሰር ስትቀባ ማየት ብርቅ አይደለም። የልጅ ቆዳ ቀጭን ነው፤ በቀላሉ ይቃጠላል። ልጅቷም ሲያቃጥላት «ትንሽ ታገሺ» ትባላለች። ማቃጠሉ ክሬሙ እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ሳይሆን ቆዳ እየተጎዳ ለመሆኑ ምልክት ነው። ከዚህም በላይ ልጅቷ አላህ የሰጣት ፀጉር መስተካከል ያለበት ጉድለት ነው ብላ ታድጋለች። ልጆች በሹሩባ ያምራሉ፤ ጊዜ ወስዶ ማበጠርና በኮንዲሽነር ማፍታታት ይበቃል።

ዕቃው በቤት ካለም ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ዐይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ታጥቦ ወደ ጤና ተቋም ይኬድ። ሎሚ ወይም አቼቶ ለማርከሻ ብላችሁ አታድርጉ። ልጅ ከዋጠው እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ አፉን አጉመጥምጣችሁ ዕቃውን ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የራስ ቆዳው መግል ከያዘ፣ ከአናት ጀምሮ ክብ ሆኖ እየሰፋ የሚሄድ መሳሳት ከታየ፣ የሳሳው ቦታ የሚያብለጨልጭና የፀጉር ቀዳዳ የማይታይበት ከሆነ አትዘግዩ። ጠባሳው ሳይሰፋ ከተደረሰበት የቀረውን ማዳን ይቻላል። በልጅ ራስ ላይ ቅርፊት ያለው መላጣ ክብ ከታየ ጭርት ሊሆን ስለሚችል ቅባት ብቻ አይበቃውም፤ በሐኪም የሚታዘዝ እንደ ግሪሶፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። እስኪድን ድረስም ማበጠሪያና ሻሽ ከሌሎች ልጆች ጋር አይጋራ።

ሪላክሰር ለማቆም ለምታስቡ እህቶች ሁሉ የመጨረሻ ምክራችን ይህ ነው። የመጨረሻውን የተቀባችሁበትን ቀን ጻፉና ከዚያ ቁጠሩ። በሦስተኛው ወር አካባቢ መሰባበሩ ሲበረታ «ፀጉሬ አለቀ» ብላችሁ አትመለሱ፤ እያለቀ ያለው አሮጌው ነው። ከሥር የሚመጣውን በጣታችሁ ዳሱት፤ ልዩነቱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

አላህ ጤናውንና ትዕግሥቱን ይስጠን።